ከዘጠኝ ወደ ስድስት

በሸክላ ዕቃ ፋብሪካው ሰውየውን በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ለቀረው ሠራተኛ «ዳኛው» ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በምሳ ሰዓት ነበር። አንድ የምድጃ ሠራተኛ የሰማውን የሮክ አልበም አንሥቶ «ጥሩ ነው» ሲል፣ እስከዚያች ደቂቃ አንገቱን ደፍቶ ይበላ የነበረው ሰውዬ ማንኪያውን አስቀመጠና ጠየቀ።

«ጥሩ ማለት ከአሥር ስንት ነው?»

የምድጃ ሠራተኛው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጠያቂው ግን መልስ ይጠብቅ ነበር።

«እ... ስምንት?»

«ስድስት ተኩል ነው። ከአምስተኛው ዘፈን በኋላ ጉልበቱ ያልቃል» አለና ወደ ምግቡ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ሰዉ ለሁሉ ነገር ነጥብ እንዲሰጥ ይጨቀጭቀው ጀመር፤ ለሾርባው፣ ለፎርማኑ አዲስ ጫማ፣ ለጥበቃው ልጅ እጮኛ ሳይቀር። እሱ እንደሆነ በዋዛ አይሰጥም። «ሦስት ጊዜ ያልሰማሁትን አልፈርድም» ይላል። የጥበቃው ልጅ እጮኛ ሦስት ጊዜ ሲናገር ለመስማት ዕድል ስላልገጠመው ሠርጉ ያለ ነጥብ አለፈ።

ሥራው አንኳኪነት ነው። ከምድጃ የወጣ ኩባያ ቀዝቅዞ ከተጠረገ በኋላ ወደ ጠረጴዛው ይመጣል። አንኳኪው ኩባያውን በመያዣ ጆሮው በግራ እጁ ጣት ያንጠለጥልና በቀኝ እጁ በያዛት አጭር እንጨት የኩባያውን ከንፈር መታ ያደርገዋል። ደህናው ኩባያ ይጮሃል፤ ድምፁ ቀጭንና ረዥም ነው፤ እንጨቷ ከተነሣች በኋላ እንኳ ጥቂት አየሩ ላይ ይቆያል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያለችበት ኩባያ ግን፣ ስንጥቋን ዐይን ባያያትም፣ ድምፁ እንደወጣ ይሞታል። የጮኸው ወደ ሣጥን፣ የሞተው ወደ ስባሪ በርሜል ይሄዳል። ከምቱ እስከ ፍርዱ ሁለት ሰከንድ ነው። ዳኛው ይህን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። የእሱን ማኅተም የያዘ ሣጥን ከፍቶ ደግሞ የሚፈትሽ ሰው ኖሮ አያውቅም።

በመስኮቱ ሥር ጠረጴዛዎቹ ሁለት ናቸው። በሁለተኛው የምትቀመጠው ብቻዋን ሁለት ልጆች የምታሳድግ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ ቅጽል ስሟ «ጥድፊያ» ነው። እሱ አንድ ኩባያ ሲያነሣ እሷ ሁለት ጨርሳ ታስቀምጣለች፤ ያውም እያወራች። ይህ ያንገበግበዋል። ሰው እያወራ እንዴት ይሰማል?

«ጋሽ ዳኛ፣ ኩባያ እኮ አልበም አይደለም» ትለዋለች። «አንዴ ይዘፍናል፣ ከዚያ መንገዱን ይሄዳል።»

ነጥብ የሚሰጥባቸው ደብተሮች ሦስት ናቸው። በሦስቱ አራት መቶ አሥራ ሁለት አልበሞች ሰፍረዋል፤ ግማሽ ያህሉ ሮክ፣ ግማሽ ያህሉ ሂፕ ሆፕ። ሌላውን ሙዚቃ አይዳኘውም እንጂ አይጠላውም። ሮክን የጀመረው ጎረምሳ ሳለ እጁ በገባች አንዲት ካሴት ነው፤ ካሴቷ መሀሏ ተበጥሶ በሙጫ ስለተቀጠለች አራተኛው ዘፈን ከግማሹ ተነሥቶ ወደ አምስተኛው ይዘል ነበር፤ እሱም ዘፈኑ እንደዚያ የተሠራ መስሎት ለዓመታት አደነቀው። ሂፕ ሆፕን ያስለመደው ታናሽ ወንድሙ ነው። ወንድሙ ፀጉር ቤት አለው፤ ደንበኞቹ ወጣቶች ስለሆኑ አዲስ ነገር ቀድሞ እሱ ጋ ይደርሳል። ዳኛው አልበሞቹን በርዕሳቸው አይመዘግብም። የባዕድ ፊደል አሳስቶ ቢጽፍ ወንድሙ አንድ ቀን እንባው እስኪፈስ ስለሳቀበት፣ ከዚያ በኋላ በሽፋናቸው ይጠራቸዋል፦ ባለ ቀይ በሩ፣ ባለ ጃንጥላው፣ ባለ ፌርማታው፣ የሦስቱ ወንበሮች።

አንድን አልበም ሦስት ጊዜ ይሰማል። መጀመሪያ ቆሞ፣ ጫማ እየጠረገ ወይም ሸሚዝ እየተኮሰ፤ ቀጥሎ ተቀምጦ፤ በመጨረሻ ዐይኑን ጨፍኖ። ከዚያ በእስክሪፕቶ ይጽፋል፤ ሥርዝ ድልዝ የለም። በግራው ገጽ ነጥቡ፣ በቀኙ ገጽ ምክንያቱ ይሰፍራል። አሥር ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ዘጠኝ ተኩል ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ባለ ፌርማታው፣ አራት ልጆች አውቶቡስ እየጠበቁ እርስ በርስ የሚነቋቆሩ የሚመስሉበት የሂፕ ሆፕ አልበም። ዘጠኝ ያገኙት ስድስት ሲሆኑ የሮኩ ቁንጮ ባለ ቀይ በሩ ነው።

በየአራት ዓመቱ ክለሳ አለ። የክለሳው ደንብ ከፈተና ክፍል የጠበቀ ነው። የቀድሞው ነጥብ በካርቶን ቁራጭ ይሸፈናል፤ አዲሱ ቁጥር ከተጻፈ በኋላ ብቻ ካርቶኑ ይነሣል። ምክንያቱ የሰፈረበት የቀኙ ገጽ ግን ከሚስቱ የስፌት ሣጥን በተወሰደ ስፒል ይዘጋል፣ ክለሳው በሙሉ እስኪያልቅም አይከፈትም፤ የትናንት ቃሉ የዛሬ ጆሮውን እንዳያባብለው ነው። ታናሽ ወንድሙም የራሱ ደብተር አለው። ቅዳሜ ከሰዓት ይገናኙና በየፊናቸው የጻፉትን ቁጥር በአንድ ጊዜ ይገልጣሉ። ልዩነቱ ከአንድ ነጥብ ካለፈ አልበሙ እንደገና ይሰማል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህ የሆነው አምስት ጊዜ ብቻ ነበር።

የዘንድሮው ክለሳ የተጀመረው በባለ ጃንጥላው ነው። ስምንት ተኩል የነበረው ስድስት ተኩል ሆነ። ዳኛው ካርቶኑን አንሥቶ የቀድሞውን ቁጥር ሲያይ ደስ አለው። ጆሮው በስሎ፣ ድሮ የተታለለበት ጩኸት አሁን የማያታልለው መሰለው። የሚቀጥለው ሮክ ከስምንት ወደ ስድስት ወረደ፤ ሌላው ከሰባት ተኩል ወደ አምስት። በአዲሱ ገጽ ላይ «ታፍኗል» ብሎ ጻፈ። ጊታሩ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚጫወት፣ ከድራሙ በላይ የተሰቀሉት የናስ ሳህኖች በጨርቅ የተጠቀለሉ ይመስሉት ነበር። ሲቀዳ የተበላሸ ነገር ያኔ እንዴት አለፈኝ እያለ ተገረመ። ወንድሙ በነዚያ ሳምንታት ሥራ ስለበዛበት አልመጣም፤ ቁጥሮቹን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ደስታው ግን አልሰነበተም። ስምንተኛው ሮክ ሲወርድ መቀመጫው ይቆረቁረው ጀመር። ስፒከሩን ከመደርደሪያው አውርዶ ወለል ላይ አደረገው፤ መልሶ ሰቀለው። ሽቦውን ቀየረ። መጋረጃው ድምፅ ይውጣል ብሎ አወረደው፤ ሚስቱ ጎረቤት ያየናል ብላ መልሳ ሰቀለችው። ሶፋውን በአንድ ቀን ሦስት ቦታ አዞረው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው ሁለት ክፍል ብቻ ስለሆነ የስፌት መኪናዋና ሙዚቃው አንድ ክፍል ይጋራሉ። አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ መናገር ትችላለች፤ ስትናገርም ስፒሉ ከነገሯ አይሰላም።

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን ደግሞ ግድግዳውን አዙረው» አለችው።

«ግድግዳው ምንም አላደረገኝም።»

«ሶፋውስ ምን አድርጎህ ነው?»

ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ አቧራ የሌለበትን ስፒከር ጠረገ። ሲቀመጥ ልቡ ይነሣል፤ ሲነሣ ደግሞ የሚሄድበት የለውም።

ፋብሪካው ውስጥም ያው ነበር። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የእሱ ስባሪ በርሜል በቀን ሁለቴ ይሞላ ጀመር። ኩባያዎቹ አይጮሁለትም። «ጭቃው ተበላሽቷል፤ ምድጃውም ቸኩሏል» ይል ነበር። ፎርማኑ መጀመሪያ «ጥብቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ አመሰገነው። በሦስተኛው ወር ግን በርሜሉን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «ዳኛው፣ የምንሸጠውም ትንሽ ይቅርልን እንጂ» አለ። ከዚያ በኋላ ዳኛው ላላ አደረገ። ከተጠራጠራቸው ኩባያዎች ጥቂቱን ብቻ ለበርሜሉ እየተወ የቀረውን ለሣጥኑ ይፈርድ ጀመር። የተጠራጠራቸው ምን ያህል እንደሆኑ ለማንም አልተናገረም። ሁሉንም ነበር።

ሐሙስ ዕለት አንድ ሣጥን ተመልሶ መጣ። የገዛው ምግብ ቤት ደብዳቤ አብሮ ልኳል። ትኩስ ሻይ የተቀዳበት ኩባያ ጆሮው ተነቅሎ አስተናጋጇ እጅ ላይ ተገልብጧል፤ የእጇ ቆዳ ተልጧል፤ ከሣጥኑ ውስጥ ሌሎች አምስት የተሰነጠቁ ተገኝተዋል። ማኅተም ያለበት ወረቀት መንገድ ላይ ረጥቦ ስለተላጠ ሣጥኑ ከየትኛው ጠረጴዛ እንደወጣ አይታወቅም። ለፋብሪካው ሰው ግን ነገሩ ግልጽ ነበር። አንኳኪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ዳኛው ነው፣ ሌላዋ ጥድፊያ።

ዓርብ ጠዋት ፎርማኑ ዳኛውን ወደ ቢሮው ጠራው።

«አንተን መጠየቄ አይደለም፤ ለደንቡ ያህል ነው» አለ። «አጠገቧ ነህ። እንዴት ናት?»

ዳኛው ማሰብ ነበረበት። አላሰበም። «ፈጣን ናት። ጥንቃቄ ግን አታውቅም። እያወራች ነው የምታንኳኳው።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።»

ከምሳ በፊት ጥድፊያ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ጭነት እንደተዛወረች ተነገራት። ጭነት ማለት ሣጥን መሸከም ነው፤ ክፍያውም ዝቅ ይላል፣ ፈረቃውም ልጆቿ ከትምህርት ቤት ከሚወጡበት ሰዓት ጋር ይጋጫል። ጥድፊያ አልጮኸችም። እንጨቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ፎርማኑ እዚያው ቆሞ ሳለ ፊቷን ወደ ዳኛው አዞረችና፣ «የኔ ሣጥን አይደለም» አለች። የቀረውን ሰዓት ሳታወራ አንኳኳች፤ ዳኛው ለዓመታት የተመኘው ጸጥታ በመጨረሻ መጣለትና በጣም ከበደው። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ከአውቶቡስ ወረደ። በእግሩ ሄደ፣ መንገድ ሳተ፣ አሥር ዓመት በኖረበት ሰፈር ሰው ጠየቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት ታናሽ ወንድሙ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ መጣ። ክለሳው ባለ ቀይ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለቱም ወረቀታቸውን ገለጡ። ወንድሙ ዘጠኝ፤ ዳኛው ስድስት።

ወንድሙ የዳኛውን ወረቀት አንሥቶ ዘቀዘቀው፤ ዘጠኝ ተገልብጦ እንደሆነ ብሎ።

«ጋሼ፣ ይሄ ስድስት ነው?»

«ስድስት ነው።»

«ባለ ቀይ በሩን?»

«ታፍኗል። ያኔ አላስተዋልነውም።»

«በሃያ ዓመቱ ነው የታፈነው? ምነው፣ ጉንፋን ያዘው?»

«አትቀልድ። ጆሮ ሲበስል...»

«ሲበስልማ ይወድቃል» አለ ወንድሙ። «ማንጎም እንደዚያው ነው።»

ደንብ ደንብ ነውና አልበሙ እንደገና ተከፈተ። ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሚስቱ ጥጉ ላይ የአንድ ቀሚስ ጠርዝ ትሰፋ ነበር። የሦስተኛው ዘፈን መሀል ሲደርስ ጊታሩ ድንገት ያቆማል። ዳኛው ያን ቦታ ያውቀዋል፤ ዘፋኙ እስኪመለስ ባዶ ዝምታ ነው፤ በአዲሱ ገጽ ላይ «እዚህ ጋ አልበሙ ይተኛል» ብሎ ጽፏል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ወንድሙ ዐይኑን እንደጨፈነ ፈገግ አለ፣ ሌባ ጣቱን አነሣ፣ አየሩን አራት ጊዜ መታ መታ አደረገ።

«ምኑን ነው የምትመታው?»

«ቃጭሏን ነዋ።»

«የቷን ቃጭል?»

ወንድሙ ዐይኑን ገለጠ። «ተው እንጂ ጋሼ።»

«መልሰው።»

መለሰው። ጊታሩ አቆመ። የወንድሙ ጣት አራት ጊዜ ወረደች። ዳኛው ጣቷን አየ። ሌላ የደረሰው ነገር አልነበረም።

«ምንም የለም» አለ።

«ቲን ቲን የምትለዋን ነው?» አለች ሚስቱ ከጥግ። «እኔ በመኪናው ጩኸት ላይ እንኳ ትሰማኛለች።»

«ሁለታችሁ ተማክራችሁ ነው።»

«ሥራ አጥተን!»

ወንድሙ ተነሣና ደብተሩን ሳበ፤ የቀኙን ገጽ የዘጋውን ስፒል ነቀለው። ዳኛው «ክለሳው አላለቀም!» ብሎ እጁን ቢዘረጋም አልደረሰበትም። ወንድሙ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «‹ሦስተኛው ዘፈን። ጊታሩ ሲያቆም አንዲት ቃጭል ብቻዋን ትቀርና አራት ጊዜ ትጣራለች። ግማሽ ነጥብ ለእሷ ብቻ።› የማን እጅ ጽሑፍ ነው ይሄ? የእኔ ነው?»

የዳኛው ነበር። እስክሪፕቶውን ተጭኖ የሚጽፍበት፣ ወረቀቱ ከጀርባው የሚያብጥበት የራሱ ጽሑፍ ነበር።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ» ብሎ ወንድሙ መሳቅ ጀመረ፤ የዳኛውን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

ሚስቱ መኪናዋን አቆመች። «ስማኝማ» አለች፤ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ በእጇ ይዛቸዋለች። «ይሄ መኪና ሲጥ ሲጥ ሲል ድሮ ያለህበትን ጥለህ መጥተህ ዘይት ታጠጣው ነበር። ‹ጆሮዬን በሳሽው› እያልክ ነፍሴን ታወጣት ነበር። ዘይት ካጠጣኸው እኮ ሁለት ዓመት አለፈ። ሲጥ ማለቱን አልተወም። እኔ ጠባይህ የተሻሻለ መስሎኝ ለእህቴ ሁሉ ነግሬያታለሁ።»

ወንድሙ ሲሄድ በሩ ላይ ቆም ብሎ የታላቁን ትከሻ ያዘ። የሚናገር መስሎ ነበር፤ ምንም ሳይል ደረጃውን ወረደ። ምላሱ ለማያርፍለት ለዚያ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

እሑድ ዳኛው ደብተሮቹን ወለል ላይ ዘርግቶ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀለ። እስካሁን የከለሳቸው ሠላሳ አንድ አልበሞች ነበሩ። አሥራ ሰባቱ ሮክ ናቸው፤ አሥራ ሰባቱም ወርደዋል። አሥራ አራቱ ሂፕ ሆፕ ናቸው፤ አንድም አልወረደም፤ ባለ ፌርማታው ዘጠኝ ተኩሉን እንደያዘ ነው። ቤዙ፣ ከበሮው፣ የልጆቹ ንግግር፣ ሁሉም ከወፍራሙ ወገን ነበር። የጠፋው ቀጭኑ ነው። በአሮጌው ገጽ «ያቃጭላል»፣ «ሳህኖቹ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ»፣ «ጊታሩ ጫፉ ይቆርጣል» የተባለው ሁሉ በአዲሱ ገጽ «ታፍኗል» ሆኗል። አንድ ቃል፣ አሥራ ሰባት ጊዜ። ይህን ያህል ወር በአልበሞቹ ላይ የፈረደ መስሎት በገዛ ጆሮው ላይ ሲፈርድ ከርሟል፤ ያውም ጆሮውን እያሞገሰ።

ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ። አንድ ደህና ኩባያ አነሣ። ሚስቱ የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበት፣ ቀጭን ስንጥቅ ያለበት ሌላ ኩባያ ነበር፤ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ እሱንም ወሰደ። ሁለቱን ከማንኪያ ጋር ሰጣትና ጀርባውን አዞረ።

«አንዱን ምቺ። የቱ እንደሆነ አትንገሪኝ።»

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

«ምቺ።»

መታች። «ደህናው» አለ። መታች። «ደህናው።» መታች። «ስንጥቁ።» አሥር ጊዜ መታች፣ አሥር ጊዜ ፈረደ። ሲዞር ሚስቱ በጣቶቿ ስትቆጥር ቆይታ አንዱን እጇን ዘርግታ ቆማለች።

«ስንት?»

«አምስት።»

ከአሥር አምስት። ሳንቲም እየወረወረ ቢፈርድም የሚያገኘው ይኸው ነው።

«ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አለች። «እድሜ ነው። መነጽር እንደማድረግ ማለት ነው፤ አትደንግጥ።»

«ሣጥኑ የኔ ነው።»

«የቱ ሣጥን?»

ነገራት። የአስተናጋጇን እጅ፣ የጥድፊያን ጠረጴዛ፣ ዓርብ ቢሮ ውስጥ የተናገረውን፤ ምንም አላስቀረም። ሚስቱ የተዘረገፉትን ቁልፎች እየለቀመች ሰማችው።

«ብትናገር የሚሄደው ያንተ ጠረጴዛ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ባትናገርስ?»

ጫማውን አድርጎ ወጣ፣ ሕንጻውን ዞሮ ተመለሰ፣ ጫማውን አወለቀ፣ እንደገና አደረገው። ወጣ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ሚስቱ «ወይ ውጣ ወይ ግባ፤ ክሩን በጠስከው እኮ» አለችው። ሰኞ የሚሠራውን ነገር የወሰነው ያኔ፣ በግማሽ የታሰረ ጫማ በሩ ላይ ቆሞ ነው። ከወሰነ በኋላም እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ይወስደኛል ብሎ ግን አስቦ ነበር።

ሰኞ ከፈረቃው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። በጭነት በሩ ላይ ሠላሳ ስድስት ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ በሁሉም ላይ የእሱ ማኅተም አለ። የጭነት መኪናው በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሾፌሩ መሪው ላይ ክርኑን አስደግፏል። ጥድፊያ ወፍራም ጓንት አጥልቃ የመጀመሪያውን ሣጥን ልታነሣ ጎንበስ ብላለች።

«አስቀምጪው» አለ ዳኛው።

ቀና አላለችም። «ከፎርማኑ ነው የምታዘዘው። አሁን ጭነት ነኝ።»

ፎርማኑ ድምፁን ሰምቶ መጣ። ዳኛው በአንድ ትንፋሽ ተናገረው። «የተመለሰው ሣጥን የኔ ነው። ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ አይሰማም። እነዚህም የኔ ናቸው፤ ሳይጫኑ እሷ እንደገና ታንኳኳቸው።»

ፎርማኑ ሾፌሩን አየ፣ ሣጥኖቹን አየ። «ዳኛው፣ ሰኞ ጠዋት ነው። በምን አወቅህ?»

«በባለ ቀይ በሩ።»

«በምን?»

«በአልበም ነው። ከዘጠኝ ወደ ስድስት ወረደ።»

ፎርማኑ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «ገባኝ፣ ልጆቿ አሳዝነውህ ነው። ደግ ሰው ነህ። ግን እዚህ ደግነት...»

«አንድ ሣጥን ክፈት። አንድ ብቻ።»

በሣጥኑ ውስጥ ሃያ አራት ኩባያዎች ነበሩ። ጥድፊያ ጓንቷን አውልቃ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፣ እንጨቷን ካኖረችበት አነሣች። ኩባያዎቹ በጆሯቸው እየተንጠለጠሉ፣ እየተመቱ፣ እየተቀመጡ አለፉ። ዳኛው እንጨቷን ትቶ የሴቲቱን ፊት ይመለከት ነበር፤ ምንም የማይነበብበት ፊት ነው። ሲያልቅ ሦስት ኩባያዎች ለብቻቸው ቆመዋል። ፎርማኑ ሰማያዊ ቀለም አመጣ። የፋብሪካው የመጨረሻ ማረጋገጫ ይህ ነው፤ ቀለሙ ከላይ ተጠርጎ ይወጣል፣ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ግን ይቀራል። ቀባቸው፣ ጠረጋቸው። በሦስቱም ላይ ቀጭን ሰማያዊ ክር ወጣ፤ በአንደኛው ላይ ክሩ የጆሮውን ሥር ይዞራል።

ጥድፊያ እዚያ አልቆመችም። ወደ ዳኛው ስባሪ በርሜል ሄዳ ከላይ ያገኘችውን ኩባያ አነሣችና መታችው። «ይሄስ ምን በድሎህ ነው?» አለች። ፎርማኑ ይህንንም ቀባው፣ ጠረገው። ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ቀለም የተባለ ነገር ያልነካው ይመስል ነበር።

ፎርማኑ ጣቱን በጨርቅ ለረዥም ጊዜ ጠረገ። «አንቺ እዚሁ ቁጭ በይ» አለ በመጨረሻ። «አንተ ደግሞ...»

«ጭነት ሰው ይጎድለዋል» አለ ዳኛው።

ፎርማኑ ለምግብ ቤቱ ደብዳቤ ሊጽፍ ወደ ቢሮው ገባ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ጥድፊያ ከጠረጴዛው ሥር የወደቁትን ጓንቶች በእግሯ ወደ እሱ ገፋቻቸው።

«ዓርብ ስለኔ ምን አልክ?»

«ጥንቃቄ አታውቅም አልኩ።»

«ከአሥር ስንት ሰጠኸኝ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «አራት።»

«አራት» አለች፤ የኩባያ ድምፅ የምትሰማ መስላ ትንሽ ቆየች። «አሁን ይቅርታ ልትለኝ ነው?»

«አዎ።»

«ቆይ። ይቅርታህን ስሰማ እጄ ይፈታል፤ ሠላሳ አምስት ሣጥን ይቀረናል፣ ልጆቼ በዘጠኝ ተኩል ይወጣሉ። አቅርብ።»

ዳኛው ጓንቱን አጠለቀ። የሴት ልክ ስለነበረ ጣቶቹ እስከ ግማሽ ብቻ ገቡለት። ሁለተኛውን ሣጥን ተሸክሞ ጠረጴዛዋ አጠገብ ሲያደርሰው ሾፌሩ ትዕግሥቱ አለቀና ጥሩምባውን በመዳፉ ሙሉ ተጫነው፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ይሄንንስ ሰማኸው?» አለች ጥድፊያ፣ እንጨቷን አንሥታ።

«ይሄንን ሰማሁት» አለና የሣጥኑን ክዳን ከፈተላት።